ለሽሽት የተሠራ ሳጥን፦ የጥንቱ የጃፓን ታንሱ እና የባለሙያዎቹ ጥበብ

የጥንቱን የጃፓን ሳጥን ጎኑን ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከላይኛው ጠርዝ ወረድ ብሎ ወደ ላይ የሚነሳ ወፍራም የብረት እጀታ ያገኛል። በተቃራኒው ጎንም አምሳያው አለ። አብዛኛው ሰው ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። ሁለቱ እጀታዎች ቀጥ ብለው ሲቆሙ ግን ከሳጥኑ አናት በላይ ይዘልቁና አንድ ረጅም አጣና ይተላለፍባቸዋል። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ አጣናውን በትከሻቸው አድርገው ብድግ ሲሉ ሳጥኑ ከነልብሱ፣ ከነሰነዱ፣ ከነገንዘቡ ከቤት ይወጣል።

እሳት ሲነሳ እንዲህ ነበር የሚደረገው።

ሳጥኑ ታንሱ ይባላል፤ መሳቢያ ያለው፣ ከእንጨት ተሠርቶ በብረት የተጠናከረ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ዛሬ በጃፓንም ሆነ በአሜሪካና በአውሮፓ በጥንት ዕቃ መሸጫዎች የሚታየው በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የተሠራ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ታንሱ ሲጻፍ የሚወራው ብዙውን ጊዜ ስለ ውበቱ ነው፤ ስለ እንጨቱ መስመር፣ በብረቱ ላይ ስለተቀረጸው አበባና ዘንዶ። ውበቱን እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም ከሚያምረው ነገር አብዛኛው በመጀመሪያ የተፈጠረው አንድን አደጋ ለመመከት ነው፤ እሳትን፣ እርጥበትን፣ ሌባን፣ ባሕርን። የትኛው ክፍል የትኛውን አደጋ እንደሚመክት ያወቀ ሰው ሳጥኑን እንደ መጽሐፍ ሊያነበው ይችላል። ይህን ንባብ ነው ላሳያችሁ የምፈልገው።

ከክዳን ወደ መሳቢያ

የጃፓን ባህላዊ ቤት ለእንግዳ ሰው ባዶ ይመስላል። ቤተሰቡ ታታሚ በተባለው የገለባና የሣር ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያው ይተኛል፤ ጠዋት ፍራሹ ታጥፎ ይነሳል። ወንበርና አልጋ በሌለበት ቤት ውስጥ የቤት ዕቃ ማለት በዋናነት ማስቀመጫ ማለት ነው።

ማስቀመጫው ለብዙ መቶ ዓመታት ከላይ በክዳን የሚከፈት ሳጥን ነበር። በናራ ከተማ የሚገኘው ሾሶይን የተባለ ግምጃ ቤት ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የንጉሠ ነገሥት ሾሙን ንብረት ይዞ የቆየ ሲሆን፣ ከዕቃዎቹ ጋር ባለ እግር የእንጨት ሳጥኖቹንም ለእኛ ዘመን አድርሷል። እግሩ ሳጥኑን ከወለሉ አንስቶ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ያደርጋል። የእርጥበት ስጋት ያኔም ነበር።

የክዳን ሳጥን ችግሩ ግልጽ ነው። ከታች ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለው ሁሉ መነሳት አለበት። ጥቂት ልብስ ብቻ ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ኑሮ ተለወጠ። ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የቶኩጋዋ ቤት በ1603 የጦር መሪነቱን ሥልጣን ያዘና አገሪቱ ተረጋጋች። ከተሞች አደጉ፤ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ ተራው ሰው ቅያሪ ልብስ አገኘ። ነጋዴው ደብተር፣ ውል፣ ማኅተምና ሚዛን አበዛ። የሚቀመጠው ሲበዛ ቦታ ቦታውን መያዝ ነበረበት።

መሳቢያ ለእኛ ተራ ነገር ነው። ለአናጢው ግን ድካም ነው፤ ስድስት መሳቢያ ያለው ሳጥን ማለት በአንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ በልክ የሚገቡ ስድስት ሌሎች ሳጥኖችን መሥራት ማለት ነው። ስስ ሳንቃም በብዛት ይፈልጋል። ቀድሞ ግንድ የሚሰነጠቀው በሽብልቅ ስለነበር የሚወጣው ሳንቃ ወፍራም ነበር፤ ሲጠረብም ብዙ እንጨት ይባክናል። ግንድን በቁመቱ የሚያወርደው ትልቅ መጋዝ ከተለመደ በኋላ ነው ስስ ሳንቃ እንደ ልብ የተገኘው። መሳቢያ ያለው ታንሱ በከተሞች መታየት የጀመረው በዚሁ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

መንገድ የዘጉት ሳጥኖች

ኤዶ የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቧ ወደ አንድ ሚሊዮን የደረሰ፣ ቤቶቿ በእንጨትና በወረቀት የተሠሩ፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ ከተማ ነበረች። እሳት ከመልመዳቸው የተነሳ «እሳትና ጠብ የኤዶ አበቦች ናቸው» ይባባሉ ነበር።

ከሁሉ የከፋው በ1657 ክረምቱ ሊወጣ ሲል የተነሳው ቃጠሎ ነው። ከግማሽ በላይ ከተማዋን፣ የጦር መሪውን ግንብ ዋና ማማ ጨምሮ፣ አመድ አደረገ። የሟቾቹን ቁጥር እስከ 100,000 የሚያደርሱ ግምቶች አሉ። አፈ ታሪኩ መነሻውን ለአንድ ልብስ ይሰጠዋል። የለበሱት ልጃገረዶች ተከታትለው የሞቱበት፣ ረጅም እጅጌ ያለው ኪሞኖ ነበረ፤ መነኩሴው እርግማኑን ለማጥፋት ሲያቃጥለው ነፋስ አነሳና የቤተ መቅደሱን ጣሪያ አያያዘው ይላል።

በዚያ ዘመን መንኮራኩር የተገጠመላቸው ትልልቅ የክዳን ሳጥኖች ነበሩ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ እሳት ሲመጣ ንብረትን ገፍቶ መውጣት። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲገፋ ግን ጠባቦቹ ጎዳናዎች፣ ድልድዮቹና በሮቹ በሳጥን ተዘጉ። ከኋላ የሚሸሸው ሕዝብ መውጫ አጣ። ንብረትን ለማትረፍ የተሠራው ዕቃ ሰው መግደያ ሆነ። በ1683 መንግሥት በኤዶ፣ በኪዮቶና በኦሳካ ባለ መንኮራኩር ሳጥን መሥራትን ከለከለ፤ በገጠሩና በሰሜኑ አካባቢ ግን አሠራሩ ቀጠለ፤ እስከ ዛሬ የተረፉም አሉ።

በትልልቆቹ ከተሞች ቦታውን የያዘው በሰው ትከሻ የሚነሳው ታንሱ ነው። ረጅም የሆነው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በሌላው ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ተደርቦ ሲታይ አንድ ቁም ሳጥን ይመስላል፤ ሲነሳ ሁለት ሰው የሚችለው ሁለት ሸክም ነው። የጥንት ታንሱ ገዝታችሁ ወገቡ ላይ ለሁለት ቢለያይባችሁ አትደንግጡ፤ አልተሰበረም፤ ሲሠራም እንዲሁ ነበር።

ኪሪ፦ የልብሱ ጠባቂ

ስለ እንጨቱ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ለልብስ ማስቀመጫ ከሁሉ የሚመረጠው ኪሪ ነው፤ በሌላ ስሙ ፓውሎኒያ። ሰፋፊ ቅጠልና ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ ኪሪ ወደ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ያው መጠን ያለው ኬያኪ የተባለው ጠንካራ እንጨት ወደ 700 ይጠጋል። ኪሪ የቀለለው ውስጡ አየር በያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች የተሞላ ስለሆነ ነው። ሦስት ጥቅሞች የሚመጡት ከእነዚህ ክፍተቶች ነው።

የመጀመሪያው ለሸክም መቅለሉ ነው።

ሁለተኛው ከእርጥበት ጋር ያለው ጠባይ ሲሆን ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የጃፓን በጋ ዝናባማና የሚያጣብቅ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ አካባቢ ሳምንታት የሚቆይ ዝናብ አለ። በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ያለው ክረምት በአንጻሩ ደረቅ ነው። ማንኛውም እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሚያብጠው ደግሞ በወርዱ ነው፤ በቁመቱ ለውጡ ኢምንት ነው። ስለዚህ በደረቁ ወር ልክክ ብሎ የተሠራ መሳቢያ በዝናቡ ወር አልከፈት ይላል፤ በዝናቡ ወር የተሠራው በደረቁ ወር ይንጓጓል። ኪሪ ከአብዛኞቹ እንጨቶች ያነሰ ስለሚንቀሳቀስ አናጢው መሳቢያውን እጅግ አጥብቆ መሥራት ይችላል። ምን ያህል? በደንብ የተሠራ የኪሪ ታንሱ አንዱን መሳቢያ ገፍታችሁ ስትዘጉት የታመቀው አየር ሌላውን መሳቢያ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህ ለእንግዳ የሚታይ ትርኢት ሊመስል ይችላል፤ የሚያረጋግጠው ግን የውጭው እርጥብ አየር ወደ ሐሩ ልብስ መግቢያ እንደሌለው ነው።

ኪሞኖ ራሱ የሳጥኑን ቅርጽ ወስኗል። ቀጥ ቀጥ ባሉ ቁራጮች የተሰፋ ስለሆነ ሲታጠፍ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ይሆናል። አይሰቀልም፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ይተኛል። የልብስ ታንሱ መሳቢያ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነው ለዚህ ነው፤ ብዙ ኪሞኖ ከተደራረበ የታችኛው ይጨማደዳል።

ሦስተኛው እሳት ነው። ኪሪ አይቃጠልም ማለት አይደለም፤ የማይቃጠል እንጨት የለም። ነገር ግን ላዩ ሲከስል በውስጡ ያለው አየር ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያዘገየዋል፤ ውሃ ሲፈስበት ደግሞ ያብጥና ክፍተቱን ይዘጋል። ውጪው ከስሎ ልብሱ ደህና ስለተገኘበት ታንሱ ብዙ ቦታ ይነገራል። ለሸሸ ሰው ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃዎች ትልቅ ነገር ናቸው።

ኪሪ እንደተቆረጠ አይሠራበትም። ሳንቃው ደጅ ቆሞ፣ ዝናብ እያጠበው ፀሐይ እያደረቀው፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። በውስጡ ያለው መራራ ፈሳሽ ታጥቦ ካልወጣ በኋላ ላይ ሳጥኑን ያጠቁረዋል። ከዚያ በኋላ የሚመረጠው ቀጥ ያለ መስመር ያለው ሳንቃ ነው፤ የመሳቢያዎቹ ፊት አንድ ወጥ መስሎ እንዲታይ መስመር ከመስመር ይዛመዳል። ሲያልቅ በሣር ሥር እስር ላዩ ይፈገፈጋል፤ ለስላሳው ክፍል ገባ፣ ጠንካራው መስመር ወጣ ይላል። በላዩ ከተክል ፍሬ ተቀቅሎ ከወጣ ቀለም ጋር የተቀላቀለ የደቀቀ ሸክላ ይቀባል፤ በመጨረሻም ሰም። ይህ ሥራ ዛሬም ሕያው ነው፤ በኒጋታ ግዛት ያለችው ካሞ የአገሪቱ ትልቋ የኪሪ ታንሱ ከተማ ናት።

ሴት ልጅ ስትወለድ በግቢ ኪሪ የመትከል ልማድ ነበር። ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉም ልጅቱም ይደርሳሉ፤ ዛፉ ተቆርጦ ለሙሽራዋ ታንሱ ይሆናል። ሙሽራዋ ይዛው የምትሄደው ሳጥን የራሷ ንብረት ነበር፤ ትዳሩ ቢፈርስ ከነልብሷ ይመለስላታል። ለአንድ ወጣት ሴት በሰው ቤት ውስጥ የራሷ ቁልፍ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ኬያኪ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከባድ፣ ጠንካራ፣ መስመሩ እንደ ደመና የሚጠቀለል። ዋጋው ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ብቻ ይውላል፤ ጎኑና ጀርባው ሱጊ በተባለው ቀላል የጥድ ዘመድ ይሠራል፤ የመሳቢያዎቹ ውስጥ ደግሞ ኪሪ ይሆናል። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ ገዢዎች አሉ። እኔ እንደ ብልህነት ነው የማየው፤ እያንዳንዱ እንጨት በሚችለው ቦታ ገብቷል።

ያለ ሚስማር?

«ታንሱ አንዲት ሚስማር የለበትም» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነቱ ትንሽ ይለያል። ብረቶቹ በብረት ሚስማር ነው የሚመቱት፤ የርካሽ ሳጥኖች ጀርባም እንዲሁ። እውነት የሆነው፣ ጥሩ ታንሱ ተያይዞ የሚቆመው በሚስማር ኃይል አለመሆኑ ነው።

የሁለት ሳንቃዎች ጫፍ ጥርስ ጥርስ እየተደረገ ይቆረጥና ሁለት እጆች ጣታቸውን እንዳቆላለፉ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ይበልጥ መጠንከር ያለበት ቦታ ላይ ጥርሱ ጫፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ ሆኖ ይቆረጣል፤ ከገባ በኋላ ወደ ፊት ቢጎተት አይወጣም። በየቀኑ የሚሳበው የመሳቢያ ፊት ይህን ይፈልጋል። ማጣበቂያውም ከወጥ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የተቀቀለ ሩዝ በሰሌዳ ላይ እየተዳጠ የሚሠራ ሙጫ አለ።

ይህን ያህል ጥብቅ ሥራ የሚቻለው በመሣሪያውም ምክንያት ነው። የጃፓን መጋዝ የሚቆርጠው ሲጎተት ነው፤ መላጊያውም ወደ ሰውዬው እየተሳበ ነው የሚልገው። የሚገፋ መጋዝ እንዳይጎብጥ ወፍራም መሆን አለበት። የሚጎተት ግን በራሱ ስለሚወጠር እጅግ ስስ ሊሆን ይችላል፤ የሚያባክነው እንጨት ጥቂት ነው፤ መስመሩም ጥርት ያለ ነው። መሳቢያው መጀመሪያ ከቦታው ትንሽ ተልቆ ይሠራል። ከዚያ እየተሞከረ፣ አንድ አንድ ጊዜ በመላጊያ እየተላገ፣ ልክክ እስኪል ይደረሳል። የመጨረሻው ልክ በመለኪያ አይገኝም፤ አናጢው የሚያውቀው መሳቢያው ሲገባ እጁ ላይ በሚሰማው ነገር ነው።

በኪሪ ላይ የሚመታው ሚስማር ራሱ እንጨት ነው። ኡጹጊ ከተባለ ቁጥቋጦ ይሰነጠቅና በመጥበሻ ላይ ከሩዝ ፉርሽካ ጋር ይቆላል፤ እርጥበቱ ሲወጣ ይጠነክራል። አናጢው ጥቂቱን አፉ ውስጥ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ምራቅ የነካው ደረቅ እንጨት ከገባ በኋላ ትንሽ ያብጥና ይጠብቃል። የብረት ሚስማር እዚህ ቢመታ ይዝጋል፤ ዝገቱ እንጨቱን ያጠቁረዋል፤ እንጨቱ በየወቅቱ ሲንቀሳቀስ ብረቱ ስለማይንቀሳቀስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከሁሉ በላይ፣ በእንጨት ሚስማር የተያያዘ ሳጥን እንደገና በመላጊያ ሊላግ ይችላል፤ ምላጩ ብረት አያገኘውም።

ይህ እንደገና መላግ ሐሳብ ብቻ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ የጠቆረ የኪሪ ታንሱ ወደ አናጢ ይመለሳል። ብረቱ ይነቀላል፤ የተሰረጎደው በሙቅ ውሃ ያብጣል፤ ላዩ በስሱ ይላጋል፤ እንደገና ይቀባል፤ አዲስ መስሎ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ሰብሳቢዎች ጥንታዊነቱ ተፋቀ ብለው ሲያዝኑ አያለሁ። ሠሪው ግን ሳንቃውን ሲያወፍረው ይህን ቀን አስቦለት ነበር።

ሦስት እጆች

ከሰሜን ምሥራቋ ሴንዳይ የሚወጣው ታንሱ ብዙ ሰው ጃፓን ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ነው፤ ቀይ ቡናማ አንጸባራቂ ፊት፣ ጥቁር ብረት፣ ዘንዶ፣ አንበሳ፣ ትልቅ አበባ። በአንድ ሰው አይሠራም። አናጢው አካሉን፣ ቀቢው ላዩን፣ አንጥረኛው ብረቱን ይሠራሉ፤ ሦስቱም ለየብቻ ሙያ ናቸው።

ቀቢው የሚጠቀመው ኡሩሺ ነው፤ በዚሁ ስም ከሚጠራ ዛፍ የሚወጣ የቅብ ጭማቂ። ዛፉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካደገ በኋላ ግንዱ በየጥቂት ቀኑ እየተጫረ ከሰኔ እስከ መከር መጨረሻ ጭማቂው ይሰበሰባል፤ ከአንድ ዛፍ የሚገኘው 200 ግራም ያህል ብቻ ነው። በኢዋቴ ግዛት ያለው ጆቦጂ የዚህ ምርት ዋና ቦታ ነው። ጥሬው ቆዳ ላይ ከባድ ሽፍታ ያመጣል። ከቫርኒሽ የሚለየው ትልቁ ነገር በድርቀት የማይጠነክር መሆኑ ነው፤ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራው እርጥብ አየር ሲያገኝ ስለሆነ የተቀባው ዕቃ ሞቅ ባለና እርጥብ በተደረገ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሁሉንም የሚያበሰብሰው እርጥበት ኡሩሺን ያጠነክረዋል። ከጠነከረ በኋላ ውሃም፣ አልኮልም፣ ብዙ ዓይነት አሲድም አይነካውም። በሴንዳይ ታንሱ ላይ የሚቀባው ጠርቶ የሚያሳይ ዓይነት ነው፤ እየተቀባ፣ እየተፋቀ፣ እየተወለወለ ብዙ ጊዜ ይደረባል፤ የኬያኪው መስመር ከሥሩ ሆኖ ያበራል።

ብረቱ ማዕዘኑን ከግጭት ይጠብቃል፤ መጋጠሚያውን አጥብቆ ይይዛል፤ ቁልፉን ይሸከማል። በአንድ የሴንዳይ ታንሱ ላይ ከመቶ በላይ የብረት ቁራጭ ሊኖር ይችላል። አንጥረኛው ስዕሉን ከኋላ በመዶሻ እየመታ ወደ ፊት ያወጣዋል፤ ከፊት በመሮ ዝርዝሩን ይጨምራል። እንዳይዝግ በጋለ ብረት ላይ ኡሩሺ ይቀባና ይጋገርበታል፤ ያ ጥልቅ ጥቁረት የመጣው ከዚያ ነው። በ1876 የሜጂ መንግሥት (የቶኩጋዋን ቤት በ1868 የተካው) ሰይፍ መታጠቅን ሲከለክል ለሰይፍ ጌጥ ይሠሩ ከነበሩት ባለሙያዎች አንዳንዶቹ እጃቸውን ወደ ሌላ ብረት ሥራ አዞሩ፤ ከዚያ ዓመት በኋላ የተሠሩት ታንሱዎች ብረታቸው እየበዛና እየተጌጠ መሄዱን ታያላችሁ።

ለባሕር የተሠራው

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የመርከብ ታንሱ ነው። ትንሽ ነው፤ በሁለት እጅ ይታቀፋል፤ ሲነሳ ግን ክብደቱ ያስደነግጣል።

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ሜጂ ዘመን መጨረሻ ኪታማኤቡኔ የተባሉ የንግድ መርከቦች በፀደይ ከኦሳካ ይነሱና በሺሞኖሴኪ ዞረው በጃፓን ባሕር በኩል እስከ ሰሜናዊቷ ደሴት ሆካይዶ ይደርሱ ነበር። ሲሄዱ ሩዝ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ጥጥና ሳኬ፣ ሲመለሱ የባሕር አረምና ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን የደረቀ ዓሣ ይጭናሉ። አለቃው በየወደቡ እየገዛ እየሸጠ የሚሄድ ነጋዴ ነበር። አንድ የደርሶ መልስ ጉዞ 1,000 ሪዮ ወርቅ ያስገኛል ይባል ነበር። መርከቡ ከሰመጠም ሁሉም ይሰምጣል።

የአለቃው ገንዘብ፣ የመርከቡ ፈቃድ፣ ውሎቹና ማኅተሙ የሚቀመጡት በዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ውጪው ወፍራም ኬያኪ ነው፤ ፊቱ በብረት ሊሸፈን ምንም አይቀረውም። በሩ ሲከፈት ውስጡ ኪሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ በትክክል የተላጉ ትንንሽ መሳቢያዎችና ሳጥን ውስጥ የገቡ ሳጥኖች። ውሃ ሲነካው ኪሪው አብጦ ይዘጋል፤ ታንሱው ወደ ባሕር ቢጣል ተንሳፍፎ ወረቀቱ ሳይርስ ይገኝ ዘንድ ነው። ያ ሁሉ ብረት እያለበት የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስለታመቀ ነው።

ሌባም ታስቦለታል። አንዱ መሳቢያ ካልወጣ ሌላው አይነቃነቅም፤ የመሳቢያው ጀርባ ሌላ ክፍል ይደብቃል፤ ወለል የመሰለው ሳንቃ ተንሸራቶ ሌላ ወለል ያሳያል። ዋናዎቹ የሥራ ቦታዎች ሦስት ወደቦች ነበሩ፤ በሳዶ ደሴት ያለችው ኦጊ፣ ሳካታና ሚኩኒ። ቴሌግራፍ የየወደቡን ዋጋ ለሁሉም እኩል ሲያሳውቅና ባቡር ጭነቱን ሲወስድ የመርከቦቹ ትርፍ ጠፋ፤ የመርከብ ታንሱም አብሮ ቆመ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። የመድኃኒት አዋቂው ታንሱ በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ መሳቢያዎች አሉት፤ የሥራሥሩ ስም በየፊታቸው በቀለም ይጻፋል። የወጥ ቤቱ ታንሱ ተንሸራታች በሮች አሉት፤ ለሳህንና ለምግብ ነው። የደረጃው ታንሱ እውነተኛ ደረጃ ነው፤ ጠባብ በሆነው የነጋዴ ቤት ወደ ላይ ይወጡበታል፣ ከእያንዳንዱ እርከን በታች መሳቢያ ወይም በር አለው።

ከቤት ሲወጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኪሞኖ የዘወትር ልብስነቱ ቀረ፤ አፓርታማዎች ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቁም ሳጥን ይዘው መጡ። ብዙ ታንሱ ተጣለ ወይም በርካሽ ተሸጠ፤ ብዙውም ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። ቀደም ብሎ ዋጋውን የተናገረው ያናጊ ሶኤጹ ነው፤ በ1936 በቶኪዮ የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየምን ያቋቋመው ይህ ሰው፣ ስሙ ያልታወቀ ሠሪ ለዘወትር አገልግሎት ያበጀውን ዕቃ ከታላላቅ ሥራዎች ጎን አቆመው፤ የመርከብ ታንሱንም በጥልቀት አጥንቷል። በ1974 ጃፓን ባህላዊ ዕደ ጥበብን የሚደግፍ ሕግ አወጣች፤ በዚያ ሕግ የካሞ ኪሪ ታንሱ በ1976፣ የኢዋያዶ በ1982፣ የኤቺዘን በ2013፣ የሴንዳይ በ2015 ዕውቅና አገኙ።

ስትገዙና ስትይዙ

በውጭ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ታንሱ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ፊቱን ከማየታችሁ በፊት መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡና ገልብጡት። ከሥሩ ለብዙ ዓመታት የተሳበ መሳቢያ ጠርዙ ተበልቶ ይታያል። የእጅ መላጊያ የተወው ስስ ማዕበል በጣት ይሰማል፤ ማሽን ይህን አይተውም። ከመሳቢያው ጀርባ ወይም ከሳጥኑ ውስጥ በቀለም የተጻፈ ዓመት፣ የባለቤት ወይም የሠሪ ስም ካለ ዋጋው ከፍ ይላል። በእጅ የተቀጠቀጠ ብረት ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ ከፋብሪካ የወጣ ቆርቆሮ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ከእጀታው በስተጀርባ ሌላ ያረጀ ቀዳዳ ካለ እጀታው ተቀይሯል። «የኤዶ ዘመን» ተብሎ የሚቀርብላችሁን በጥርጣሬ እዩት፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ከ1868 በኋላ የተሠራ ነው፤ ይህም ሊያሳፍረው አይገባም፤ የሜጂ ዘመን ሥራ ድንቅ ነው።

ከተገዛ በኋላ ትልቁ ጠላት የቤት ማሞቂያ ነው። በእርጥብ አገር የተሠራ ሳንቃ በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ክረምት ማሞቂያ አጠገብ ከቆመ ይሰነጠቃል፤ በተለይ ኬያኪ። ከማሞቂያና ከቀጥታ ፀሐይ አርቁት፤ በክረምት ለክፍሉ የአየር ማርጠቢያ ይኑረው። ብረቱን በብረት ሱፍ አትፈትጉት፤ ያ ጥቁረት ከዝገት የሚጠብቀው ቅብ ነው። ኡሩሺ ለተቀባው ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ኪሪ ላይ ዘይትም ሆነ የዕቃ ማብረቂያ አይደረግ፤ እንጨቱ ይጠጣውና እድፍ ሆኖ ይቀራል። መሳቢያው በዝናብ ወር እምቢ ካለ አትላጉት፤ አየሩ ሲደርቅ ይመለሳል። ያኔም ከጠበቀ የሚንሸራተትበትን ጠርዝ ብቻ በሻማ አሹት።